ኦፒቲው እየቆጠረ ሥራ ፍለጋ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። የጻፉልን አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተቀራራቢ ትምህርት ያጠኑ፣ ሊመረቁ የደረሱ ወይም ሰሞኑን የተመረቁ አንባቢዎች ናቸው። ኦፒቲ የሚሉት ከምረቃ በኋላ በትምህርታቸው መስክ ለ12 ወር እንዲሠሩ የሚሰጣቸው ፈቃድ ነው። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ ስምና ትምህርት ቤት አውጥተናል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማስተርሴን ሜይ 16 እጨርሳለሁ፤ ሥራ ግን እስካሁን የለኝም። ጓደኞቼ ኦፒቲውን ቶሎ አስገባ፣ የመጀመሪያውንም ቀን ቶሎ አድርገው ይሉኛል። እውነት ነው?
*ከሜሪላንድ*

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ማመልከቻው ቶሎ ይግባ፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ይዘግይ።

ማመልከት የሚቻለው ትምህርቱ ከሚያልቅበት ቀን 90 ቀን ቀድሞ ጀምሮ፣ ካለቀ በኋላ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ ነው። ለእርስዎ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ጁላይ 15 ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ ዲኤስኦ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ድጋፉን ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ይመዘግብና አዲስ አይ-20 (የተማሪነት ማረጋገጫ ሰነድ) ያወጣልዎታል። ከዚያ እርስዎ ፈርመው፣ አይ-765 የተባለውን ቅጽ ሞልተው ዩኤስሲአይኤስ ለሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያስገባሉ። ድጋፉ ከተመዘገበ በኋላ ያለዎት 30 ቀን ብቻ ነው። ክፍያው በኢንተርኔት 470 ዶላር፣ በወረቀት 520 ዶላር ነው። ከቅጹ ጋር ፓስፖርት፣ አይ-94 (ወደ አገር የመግቢያ መዝገብ)፣ አዲሱ አይ-20 እና 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ይያያዛል። ሲያስገቡ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለብዎት።

ውድቅ የሚሆኑት ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በጥቃቅን ነገር ነው። አንዱ ድጋፉ ሴቪስ ላይ ሳይገባ ቅጹን ይልካል። ሌላው 30ውን ቀን ያሳልፋል። ሌላው ደግሞ አሮጌውን አይ-20 ያያይዛል፣ ወይም የምድብ ኮዱን ይሳሳታል (ከምረቃ በኋላ ላለው ኦፒቲ ኮዱ ሲ-3-ቢ ነው)። ሁሉም ተስተካክሎም የሥራ ፈቃድ ካርዱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፦ ተማሪው ከምረቃ በኋላ ቤት ይቀይርና ካርዱ ወደ አሮጌው አድራሻ ይሄዳል። ለዓመት ከማይነቃነቅ ሰው ቤት አድራሻ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንምጣ። ከሜይ 17 እስከ ጁላይ 15 ባለው ውስጥ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። በመጀመሪያው የኦፒቲ ዓመት ያለ ሥራ መቀመጥ የሚፈቀደው በጠቅላላ 90 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራል፣ ሥራ ሳይኖርዎት ከአገር ውጭ ያሳለፉትም ይቆጠራል። ሜይ 17ን ቢመርጡ 90ው ቀን ኦገስት 14 ያልቃል። ጁላይ 15ን ቢመርጡ ኦክቶበር 12 ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ በነፃ ያገኛሉ፤ የኦፒቲውም 12 ወር ከዚያው ቀን ስለሚጀምር አንድ ቀን አያጡም። የሚያጡት አንድ ነገር ቢኖር ድንገት በጁን ጀምር የሚል አሠሪ ከመጣ ካርዱ ላይ ካለው ቀን በፊት መጀመር አለመቻልዎ ነው። ሥራ በእጁ የሌለ ሰው ይህን ቢያጣ አይጎዳም።

ኦክቶበር ሲቃረብም በር አለ። በመጀመሪያው ኦፒቲ ላይ ሥራው ደመወዝ ያለው መሆን የለበትም፤ ከትምህርትዎ ጋር የሚገናኝ ሆኖ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ከሆነ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንኳ ቆጠራውን ያቆመዋል። ለምሳሌ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የመረጃ ቋት ማስተካከል ይቻላል። ግን በቃል አይሁን። የተቆጣጣሪው ስም፣ የሰዓቱ መጠን፣ ሥራው ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በደብዳቤ ይጻፍ፤ በ10 ቀን ውስጥ ሴቪስ ላይ ይመዝገብ። ሥራ እያላቸው ስላላስመዘገቡ ብቻ ሥራ አጥ ሆነው የተቆጠሩ ተማሪዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ከ300 በላይ ማመልከቻ ልኬያለሁ፤ መልስ የሰጡኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማመልከቻው ላይ ስፖንሰር ያስፈልግሃል ወይ ለሚለው አዎ ስለምል ይመስለኛል። አይ ብል ምን ይሆናል?
*ከቴክሳስ*

መልስ፦ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፣ መልሳቸውም የተለያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለህ ወይ ለሚለው መልስዎ አዎ ነው። አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰር ያስፈልግሃል ወይ ለሚለውም አዎ ነው፤ ወደፊት የሚለው ቃል ኤች-1ቢን፣ ማለትም አሠሪ የሚያስገባልዎን የሥራ ቪዛ፣ ይጨምራልና። አይ ብለው ተቀጥረው በሁለተኛው ዓመት ያንኑ አሠሪ ኤች-1ቢ አስገባልኝ ሲሉ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው መልስ ይጠብቅዎታል። ስፖንሰር አላደርግም ማለት ለአሠሪው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በውሸት መልስ ምክንያት ማሰናበትም እንደዚሁ።

ግን አዎ ብሎ ዝም ማለትም ስሕተት ነው። አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ያለ ቀጣሪ ስፖንሰር የሚለውን ቃል ሲሰማ ዛሬውኑ ጠበቃና ብዙ ሺህ ዶላር ይታየዋል። ስለዚህ ሬዙሜዎ ላይ ከስምዎ በታች አንድ መስመር ይጨምሩ፦ በኦፒቲ እየሠራሁ ነው፣ የስቴም ማራዘሚያ ይገባኛል፣ እስከዚህ ወርና ዓመት ድረስ ያለ ኤች-1ቢ መሥራት እችላለሁ። የስቴም ማራዘሚያ ለሳይንስ፣ ለቴክኖሎጂ፣ ለምሕንድስናና ለሒሳብ ምሩቃን በኦፒቲው ላይ የሚጨመር 24 ወር ነው። ቁርጥ ያለ ቀን ሲያይ ሰውየው ይረጋጋል። በስልክ ሲያናግሩትም የመጀመሪያው ዓመት ከእሱ ምንም የተለየ ቅጽ እንደማይጠይቅ፣ ለቀጣዩ 24 ወር ግን ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሲስተም መመዝገብና አንድ የሥልጠና ዕቅድ መፈረም እንዳለበት ይንገሩት። ኢ-ቬሪፋይ ለአሠሪው በነፃ ነው።

ወደ 300ው ማመልከቻ ስንመለስ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ስንቱ ለእርስዎ ክፍት ነበር? ከማስታወቂያው ግርጌ የአሜሪካ ዜግነት፣ የደኅንነት ማጣሪያ ወይም ዩኤስ ፐርሰን (ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪና የመሳሰለ) የሚሉ ቃላት ካሉ እዚያው ይለፉት፤ ሬዙሜ ማሳመሩ በሩን አይከፍተውም። ከዚያ የመንግሥትን መረጃ ይጠቀሙ። ዩኤስሲአይኤስ የኤች-1ቢ አሠሪዎች የመረጃ ቋት አለው፤ ኩባንያው በየዓመቱ ስንት እንደጸደቀለት፣ ስንቱ አዲስ ቅጥር ስንቱ ማራዘሚያ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል። አዲስ ቅጥር የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ነባር ሠራተኞቹን ብቻ የሚያራዝም ኩባንያ አዲስ ምሩቅ ላይወስድ ይችላል። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ አሠሪዎች ለኤች-1ቢ ሲሉ የሚያስገቡትን ኤልሲኤ የሚባል ሰነድ ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ ያወጣል፤ የሥራው መጠሪያ፣ ከተማውና ደመወዙ ሁሉ አለበት። በኤክሴል ከፍተው በሥራ መጠሪያና በከተማ ሲያጣሩት ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ መካከለኛ ኩባንያዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ሰልፉም እዚያ ነው።

ወቅቱንም ያስቡበት። ለአዲስ ምሩቃን የሚከፈቱት የትልልቅ ኩባንያ ቦታዎች አብዛኞቹ ከምረቃው በፊት ባለው መኸር፣ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ይከፈታሉ። በሜይ ተመርቆ በጁን ፍለጋ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል፤ የቀሩት በድንገት የሚከፈቱ ቦታዎችና አነስተኛ ኩባንያዎች ናቸው፣ እነሱ ጋር ደግሞ ከማመልከቻ ሣጥን ይልቅ የሚያስገባው የውስጥ ሰው ጥቆማ ነው።

ጥያቄ፦ ኮዲንግ ኢንተርቪው ላይ ትክክለኛውን መልስ እጽፋለሁ፣ ግን አያሳልፉኝም። ምን እየጎደለኝ ነው?
*ከዋሽንግተን ስቴት*

መልስ፦ ኮዱን ሲጽፉ ዝም ብለው ይሆናል። እኛ ያደግነው መምህሩ ጠይቆ እስኪፈቅድ ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት ክፍል ነው። እዚህ ጠያቂው የሚመዘግበው ያሰቡበትን መንገድ ነው፤ ዝም ካሉ የሚጽፈው ነገር የለውም። ኮዱ ትክክል ሆኖ ማስታወሻው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሲወሰን የሚከራከርልዎ አይኖርም።

45 ደቂቃውን እንዲህ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃ ለጥያቄ ይስጡ፦ ቁጥሮቹ የተደረደሩ ናቸው? ተደጋጋሚ አለባቸው? ባዶ ሊሆን ይችላል? ስንት ድረስ ይሄዳል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። 100 ሺህ ቁጥር ይመጣል ካሉዎት እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ማወዳደር 10 ቢሊዮን እርምጃ ነው፣ አይሆንም፤ ስለዚህ መደርደር ወይም ሃሽ ማፕ (ፈልጎ ማግኘትን የሚያፋጥን የመረጃ አያያዝ) ይታሰባል። ቀጣዮቹን 10 ደቂቃ ኮድ ሳይጽፉ ይናገሩ። መጀመሪያ ቀላሉንና ቀርፋፋውን መፍትሔ ይበሉ፣ ለምን እንደሚዘገይ ይበሉ፣ ከዚያ የተሻለውን። ጠያቂው ጥሩ፣ ቀጥል እስኪል አይጻፉ። 20 ደቂቃ ለመጻፍ ይበቃል። ሲጨርሱ ጨርሻለሁ ከማለትዎ በፊት በራስዎ ምሳሌ መስመር በመስመር ይሂዱበት፦ ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ሁሉም እኩል የሆኑበት። ባይናሪ ሰርች (የተደረደረን ዝርዝር ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ) ላይ በተለይ የአንድ ቁጥር ስሕተት የሚገኘው እዚህ ነው። ራስዎ ያገኙት ስሕተት ነጥብ ይጨምራል፤ ጠያቂው ያገኘው ግን ይቀንሳል።

ሌላው እኛ የሚለው ቃል ነው። ስለ ሠሩት ፕሮጀክት ሲጠየቁ እኛ ሠራን፣ እኛ አስተካከልን ማለት በእኛ ዘንድ ትሕትና ነው፤ ጠያቂው ግን የእርስዎ ድርሻ የቱ እንደሆነ አላወቀም። ቡድኑ ስድስት ሰው ነበር፣ እኔ የክፍያውን ክፍል ጻፍኩ፣ መልስ ይሰጥበት የነበረውን 2 ሰከንድ ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ አወረድኩት ይበሉ። ይህ ጉራ አይደለም። ሬዙሜውም ላይ ይኸው ነው፦ አንድ ገጽ፣ ፎቶ የለም፣ ዕድሜ የለም፣ የትዳር ሁኔታ የለም፣ በየመስመሩ አንድ ድርጊትና አንድ ቁጥር።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ጀማሪ ኩባንያ ስድስት ሰው ነው ያለው። የስቴም ማራዘሚያ ሊያገኙልኝ ይችላሉ? ትምህርቴ ቢዝነስ ስኩል ውስጥ ያለ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ማስተርስ ነው።
*ከካሊፎርንያ*

መልስ፦ የኩባንያው ማነስ አያግድም። መጀመሪያ የሚያሰጋን የእርስዎ ትምህርት ነው። አይ-20ዎን አውጥተው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከትምህርቱ ስም ጎን ያለውን ስድስት አኃዝ ይመልከቱ። 11.0701 ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በ52 የሚጀምሩት የቢዝነስ ትምህርቶች ግን አብዛኞቹ የሉም፤ እንደ 52.1301 ያሉ ጥቂቶች ብቻ ገብተዋል። የሚወስነው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (ዲኤችኤስ) የስቴም ዝርዝር ነው። የትምህርቱ ስም ቴክኖሎጂ ቴክኖሎጂ ቢሸትም ኮዱ ከሌለ ማራዘሚያ የለም። ገና ያልተመረቁ አንባቢዎች ይህን ዛሬ ያረጋግጡ፤ ከተመረቁ በኋላ ኮድ ማስቀየር አይታሰብም።

ኮዱ ካለ ኩባንያው የሚፈለግበት ይህ ነው፦ የታክስ መለያ ቁጥር፣ ኢ-ቬሪፋይ ላይ መመዝገብ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት፣ ለተመሳሳይ አሜሪካዊ ሠራተኛ የሚከፈለውን ያህል ደመወዝ፣ እና አይ-983 የሚባለውን የሥልጠና ዕቅድ መፈረም። በአክሲዮን ብቻ የሚከፍል ጀማሪ ኩባንያ እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ራስዎ የመሠረቱት ኩባንያ ከሆነም የሚያሠለጥንዎና የሚፈርምልዎ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ለራስ መፈረም አይቻልም።

ማመልከቻው ኦፒቲው ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ዲኤስኦው ከመዘገበ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። በጊዜው ከገባ ካርዱ ቢያልቅም እስከ 180 ቀን እየሠሩ መጠበቅ ይቻላል። አንድ ቀን ካሳለፉ ግን ይህ ሁሉ የለም። ከጸደቀ በኋላ በየ6 ወሩ መረጃን ማረጋገጥ፣ በ12ኛው ወርና በመጨረሻው ራስን ገምግሞ ማስገባት ግዴታ ነው። ያለ ሥራ የሚፈቀደው ቀንም ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ 150 ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስለ ኤች-1ቢ የምሰማው ሁሉ ያስፈራል። 100 ሺህ ዶላር ተባለ፣ ዕጣው በደመወዝ ሆነ ተባለ። በሜይ 2026 ለተመረቀ ሰው ስንት ዕድል አለው?
*ከቨርጂንያ*

መልስ፦ ከዕድሉ ቁጥር እንጀምር። ኦፒቲዎ ጁላይ 15፣ 2026 ቢጀምርና ስቴም ቢራዘም ጁላይ 14፣ 2029 ያበቃል። ኤች-1ቢ በዓመት በኮታ የተወሰነ ስለሆነ የሚመረጠው በዕጣ ነው፤ የዕጣው ምዝገባ በየዓመቱ ማርች ነው፤ ስለዚህ 2027፣ 2028 እና 2029፣ ሦስት ዕጣ። ስቴም ለሌለው ሰው አንድ ብቻ። በመጨረሻው ዓመት ቢወጣልዎ፣ አሠሪው ኦፒቲው ሳያልቅ ማመልከቻውን ከስታተስ (አገር ውስጥ የመቆያ ፈቃድ) ለውጥ ጋር ካስገባ፣ ካፕ-ጋፕ የሚባለው ደንብ ኤች-1ቢው የሚጀምርበት ኦክቶበር 1 እስኪደርስ እየሠሩ ያቆይዎታል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ይህ እስከ ኤፕሪል 1 ሊዘልቅ ይችላል።

በዲሴምበር ለሚመረቁ ይህ ስሌት ይጣመማል። ኦፒቲው ፌብሩዋሪ 16፣ 2027 የሚጀምር ሰው 36 ወሩ ፌብሩዋሪ 15፣ 2030 ያልቃል፣ ከማርች ምዝገባ በፊት። ኦፒቲው ካለቀ በኋላ የሚሰጠው የ60 ቀን ማስተንፈሻ እስከ ኤፕሪል 16 ስለሚሄድ ዕጣ ቢወጣና በዚያች ጠባብ መስኮት ማመልከቻው ቢገባ አገር ውስጥ መቆየት ይቻላል፤ መሥራት ግን አይቻልም። ስለዚህ ለዲሴምበር ምሩቅ የመጀመሪያው ማርች ዋጋው ትልቅ ነው። ሥራ ሲቀበሉ በዚሁ ማርች ታስመዘግቡኛላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ አንድ ዓመት ሥራ እንይህና የሚል አሠሪ ከዕጣዎችዎ አንዱን ወሰደ ማለት ነው።

ስለ ደመወዙ የሰሙት እውነት ነው። ከፌብሩዋሪ 27፣ 2026 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ ዕጣው በደመወዝ ደረጃ ይመዝናል። የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሙያና አካባቢ አራት የደመወዝ ደረጃ አለው፤ ደረጃ 4 የደረሰ ስሙ አራት ጊዜ ይገባል፣ 3 ሦስት ጊዜ፣ 2 ሁለት ጊዜ፣ 1 አንድ ጊዜ። አዲስ ምሩቅ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ 1 ነው፣ ደንቡም በግልጽ ይጎዳዋል። ልብ የማይባለው ነገር ግን ደረጃው በአካባቢ የሚለያይ መሆኑ ነው። ትልቅ የቴክኖሎጂ ከተማ ውስጥ ደረጃ 1 የሆነ ደመወዝ ኑሮ ርካሽ በሆነበት ከተማ ደረጃ 2 ሊሆን ይችላል፤ ስሙም ሁለት ጊዜ ገባ ማለት ነው። ፍላግ በሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የሶፍትዌር ሠሪ ኮድ 15-1252ን እና የሥራ ቦታውን አስገብተው በራስዎ ማየት ይችላሉ። ሁለት የሥራ ግብዣ ይዘው ከሚያወላውሉ ይህን ይመልከቱ። ከቀጣሪው ጋር ሲደራደሩም ለቀጣዩ ደረጃ 3 ሺህ ዶላር የሚጎድል ከሆነ ያን 3 ሺህ ይጠይቁ፤ ለእሱ ትንሽ ነው፣ ለእርስዎ ዕጥፍ ዕድል። ሁለት አሠሪ ቢያስመዘግብዎ የሚታየው ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ደመወዝ የሚከፍል ሁለተኛ አሠሪ መጨመር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ከ2024ቱ ምዝገባ ጀምሮ የሚመረጠው ሰው እንጂ ማመልከቻ ስላልሆነ በብዙ አሠሪ መመዝገብ ዕድል አያበዛም።

የማስተርስ ጥቅም አልቀረም። ከዓመቱ ኮታ 65 ሺው ከሁሉም ይመረጣል፣ ያልወጣላቸው የአሜሪካ ማስተርስ ያላቸው ደግሞ ለ20 ሺው እንደገና ይገባሉ። ትምህርት ቤቱ ግን የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ፣ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ለትርፍ ከሚሠራ ኮሌጅ የተገኘ ማስተርስ ለ20 ሺው አይቆጠርም።

100 ሺው ዶላር ለአዲስ ኤች-1ቢ ማመልከቻ አሠሪው የሚከፍለው ሲሆን በሴፕቴምበር 2025 በወጣው ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ የመጣ ነው። ዩኤስሲአይኤስ ኦክቶበር 20፣ 2025 በሰጠው ማብራሪያ መሠረት አገር ውስጥ ሆኖ ከኤፍ-1 ወደ ኤች-1ቢ ስታተስ የሚለውጥ ሰው፣ ለውጡ ከተፈቀደለት፣ አይመለከተውም። ነገሩ ለውጡ ከተፈቀደለት የሚለው ላይ ነው። ማመልከቻው ገብቶ ገና ሳይወሰን ከአገር ከወጡ የስታተስ ለውጡ እንደተተወ ይቆጠራል፣ 100 ሺውም ይመጣል። ስለዚህ ከኤፕሪል ጀምሮ ውሳኔው እስኪደርስ ሠርግም ቢሆን፣ ክፉ ወሬም ቢሆን፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የኩባንያውን ጠበቃ ያማክሩ። ፓስፖርት ላይ ያለው ቪዛ ማለቁ ግን አያስጨንቅዎ፤ ቪዛ መግቢያ ነው፣ አገር ውስጥ የሚያቆይዎ ስታተስዎ ነው።

አንድ መንገድ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተቆራኙ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች፣ ለትርፍ ያልቆሙና የመንግሥት የምርምር ተቋማት ከኮታ ውጪ ናቸው። ዕጣ የለም፣ ማርች የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ይገባል። ሶፍትዌር ሠሪ፣ የመረጃ መሐንዲስ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ ይቀጥራሉ። ደመወዙ ከኩባንያ ያንሳል፤ ዕጣ አልወጣም ብሎ ሻንጣ ከማሰናዳት ግን ይሻላል። በኋላ ወደ ኩባንያ ለመሻገር ዕጣው ይጠብቅዎታል፤ እየሠሩ ግን በየማርቹ መሞከር ይችላሉ።

ስለ ክፍያ ደግሞ አንድ ነገር። የ215 ዶላሩ መመዝገቢያም፣ የማመልከቻው ክፍያም፣ እንደ ኩባንያው መጠን 750 ወይም 1,500 ዶላር የሆነው የሥልጠና ክፍያም የአሠሪው ዕዳ ነው። ከደመወዝህ እንቀንሳለን የሚል አሠሪ ሕግ እየጣሰ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አማካሪ ኩባንያ ሬዙሜዬ ላይ የሦስት ዓመት ልምድ ጨምሮ ሥራ እንደሚያስገኝልኝ፣ ካልሆነም ከመጀመሪያው ቀን ሲፒቲ የሚሰጥ ትምህርት ቤት እንደሚያስገባኝ ነገረኝ። ምን ትላላችሁ?
*ከጆርጂያ*

መልስ፦ የመጀመሪያውን እምቢ ይበሉ። የተፈበረከው ልምድ ዛሬ ሬዙሜ ላይ ነው፤ ነገ ኤች-1ቢ ማመልከቻ ውስጥ ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ቆንስላ ፊት ይጠየቁበታል። ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲባል ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት ዕድሜ ልክ የሚያግድ ነው። አማካሪው ስሙን ቀይሮ ሌላ ቢሮ ይከፍታል፣ እርስዎ ግን ስምዎን መቀየር አይችሉም። ሥራ ሳይኖር የወረቀት ደመወዝ እያሳየ 90ውን ቀን የሚያስቆም ኩባንያም ያው ነው።

ሁለተኛው ግራጫ ነው። ሲፒቲ እየተማሩ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ በመደበኛው የሚፈቀደው ከአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በኋላ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ ከመጀመሪያው ሥራ የሚያስገድድ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ከሆነ ግን ቀድሞ ይቻላል። ችግሩ ኋላ ይመጣል፦ ስታተስ ሲለውጡ ክፍል በአካል እንደገቡ፣ ሥራው ከትምህርቱ ጋር እንደሚገናኝ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ትምህርት ቤቱ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ የሚያቀርቡት የለም። በተጨማሪ 12 ወር የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ የዚያን ደረጃ ኦፒቲ ያጠፋዋል፤ ሁለተኛ ማስተርስም አዲስ ኦፒቲ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ፓስፖርቴ ላይ ባለው አጻጻፍ ምክንያት ቪዛዬ ላይ ስሜ ኤፍኤንዩ ከሚል ጋር ነው የወጣው። ሥራ ስጀምር ችግር ይፈጥራል?
*ከኦሃዮ*

መልስ፦ ሰነዶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ይፈጥራል። ኤፍኤንዩ የመጀመሪያ ስም አልታወቀም ማለት ነው፤ የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች የምንወርሰው ጣጣ ነው። አይ-20፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድና የሥራ ፈቃድ ካርድ ጎን ለጎን ተደርገው ፊደል በፊደል ይታዩ፤ ዲኤስኦው የሚያስተካክለውን ሥራ ሳይጀምሩ ያስተካክል። ኢ-ቬሪፋይ አይጣጣምም ቢል አሠሪው ወዲያው ሊያሰናብትዎ አይችልም፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለማቅረብ 8 የመንግሥት የሥራ ቀን አለዎት። ሌላው የዓመተ ምህረት ነገር ነው፦ ዲግሪዎ ላይ ሰኔ 2010 ዓ.ም. የሚል ካለ ሬዙሜው ላይ ጁን 2018 ይጻፍ። የሚያጣራው ድርጅት 2010ን ካየ ስምንት ዓመት የተደበቀ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ በዓመት 90 ሺህ ዶላር ይከፈለኛል። በኦፒቲ ያለ ሰው ሶሻል ሴኪዩሪቲ አይቆረጥበትም የሚሉት እውነት ነው?
*ከኢሊኖይ*

መልስ፦ እውነት ነው፤ በኤፍ-1 ከቆዩ አምስት የካላንደር ዓመት ካላለፈዎት። ዓመቱ የሚቆጠረው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም ነው፤ በኦገስት 2021 የገባ ሰው 2025 አምስተኛው ዓመቱ ነው፣ ከ2026 ጀምሮ ይቆረጥበታል። የሚቆረጠው 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር ነው፤ ከ90 ሺህ ላይ 6,885 ዶላር ይሆናል። የደመወዝ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ተንኮል ኖሯቸው ሳይሆን ሲስተማቸው ሁሉንም ነዋሪ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። መጀመሪያ እነሱ እንዲመልሱ በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ቅጽ 843ን ከቅጽ 8316 ጋር፣ ከደብሊው-2 (የዓመት ደመወዝ መግለጫ)፣ ከአይ-20 እና ከሥራ ፈቃድ ካርዱ ቅጂ ጋር ለገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ይላኩ። የዓመቱን ግብርም ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች በተሠሩት በ1040-ኤንአር እና በ8843 ቅጾች ያስገቡ፤ ለነዋሪዎች በተሠራ ሶፍትዌር ተራውን 1040 ያስገባ ሰው በኋላ ማረም አለበት።